ቀለሙን ከመግዛታችሁ በፊት

(አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ስለ አሮጌ የቤት ዕቃ እድሳት ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ሰው ቤቱ ያለውን አሮጌ ቁምሳጥን ወይም ከሰው የገዛውን ጠረጴዛ ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ምን ዓይነት ቀለም ልቀባው?» ይላል። እኔም መልሼ «ከዚህ በፊት ምን ተቀብቷል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። ዛሬ የተሰጠኝን ሰዓት የማጠፋው በዚያ ዝምታ ላይ ነው። የቀለም ምርጫ ቀላል ነው፤ ሱቅ ገብቶ ካታሎግ መግለጥ ነው። በስድስት ወር የሚላጠውን ሥራ ዓመታት ከሚቆየው የሚለየው ግን ቆርቆሮው ከመከፈቱ በፊት የተሠራው ነው።

ዕቃው ከየት እንደሚገኝ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መርካቶ ምን አለሽ ተራ የሄደ ሰው የፈለገውን አጥቶ ሲመለስ ብዙም አላየሁም፤ ያላሰበውን ገዝቶ ሲመለስ ግን ስንቴ አይቻለሁ። ሰፈር ለሰፈር እየዞረ «ቆራሌው!» የሚለውም ቢሆን የሚሰበስበው ጠርሙስና ብረት ብቻ አይደለም፤ ወንበርም ኮመዲኖም ተሸክሞ ይወጣል። መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ዕቃ በጨረታ ሲያስወግዱ ማስታወቂያውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ያወጣሉ፤ እዚያ የሚገኘው አብዛኛው የቢሮ ጠረጴዛና መደርደሪያ ነው። መልኩ አያምርም፣ እንጨቱ ግን ብዙ ጊዜ አያሳፍርም። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ጓዙን ሲሸጥ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል፤ ቲኬት የቆረጠ ሰው ብዙ አይከራከርም።

ለማየት ስትሄዱ ዓይናችሁ ፊት ለፊቱ ላይ እንዳይቀር። ሻጩ ፊቱን ወልውሎ ነው የሚያቆመው። እናንተ ዕቃውን አዙሩት። ጀርባው ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ሰሌዳ) ነው ወይስ ቺፑድ? ቺፑድ ከሆነ እግሩ አካባቢ አብጧል ወይ? ቺፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በኮላ ተጨፍልቆ የሚሠራ ስለሆነ አንዴ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ወደ ልኩ አይመለስም፤ ብታሹትም፣ ስቱኮ ብትሞሉበትም ያው ነው። ቀጥሎ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡና ማዕዘኑን እዩ። ሁለቱ ሳንቃዎች እንደተጠላለፉ ጣቶች ተቀርጸው ከተያያዙ አናጢው ጊዜ ወስዶ የሠራው ነው። በሚስማር ብቻ የተመታ ከሆነ ከጊዜ በኋላ ይወላልቃል፤ ቢሆንም ይጠገናል። ከዚያ አንዱን የፊት እግር ከመሬት ከፍ አድርጉት። ሌላኛው የፊት እግር ወዲያው አብሮ ከተነሣ መጋጠሚያው ጠንካራ ነው፤ ዕቃው መጀመሪያ ተጣሞ፣ ተንቋቅቶ፣ ከዚያ ከተነሣ ላልቷል።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ደግሞ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ደረጃው የሚታጠፍበትን ቦታ ሳይለኩ ባለ ሦስት በር ቁምሳጥን መግዛት ምን እንደሚያመጣ የተሸካሚዎቹን ፊት ያየ ያውቀዋል።

አሁን የማያስደስት ነገር ላንሣ፤ ትኋን። ሰው ስለዚህ ማውራት ያፍራል፣ ስለዚህ ማንም ለማንም አይነግርም። ያገለገለ አልጋ፣ ኮመዲኖና ጨርቅ ያለበት ወንበር ቤት ከመግባቱ በፊት በስልካችሁ መብራት የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የመሳቢያውን ሥርና የኮምፔንሳቶውን ጠርዝ ፈትሹ። በጥቃቅኑ የተረጨ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ የትኋን ኩስ ነው። ትኋን ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ሙቀት አይችልም፤ የብረት አልጋ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ብዙ ይረዳል። እንጨት ላይ ግን የፈላ ውሃ አይፈስም፤ ሳንቃው ይጣመማል፣ ኮላው ይለቃል። እንጨት ከሆነ ወይ በባለሙያ መድኃኒት ይረጫል ወይ አይገዛም። «ቀለም ስቀባው ያልቃል» ብሎ ቤት ማስገባት አያዋጣም። እንጨት የሚበላው ብልም እንዲሁ ይፈተሻል። ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎች ካሉና ዕቃውን ስታንኳኩት ከቀዳዳዎቹ አዲስ ዱቄት ከረገፈ ተባዩ አሁንም ውስጥ አለ። ዱቄት የሌለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የቆየ ነው፤ በስቱኮ ይደፈናል።

ወደ እንጨቱ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቀየሙኝ። ድሮ እዚሁ አገር የተሠራ የቤት ዕቃ ብዙው ከዋንዛ፣ ከዝግባ፣ ከጥድ፣ ከኮሶ ወይም ከቀረሮ ነው። ዛሬ እነዚህን ለአዲስ ዕቃ እንደልብ ማግኘት የለም። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን ቆርጦ መጠቀምን ከልክሎ ነበር። አሁን የእንጨት መሸጫ የምታገኙት አብዛኛው ባህር ዛፍ፣ ከውጭ የሚገባ ጣውላና ፋብሪካ የሠራው ሰሌዳ ነው። ስለዚህ አንድ አሮጌ የዋንዛ ብፌ በእጃችሁ ሲገባ ያንን እንጨት ሱቅ ሄዳችሁ እንደማትተኩት እያወቃችሁ ነው ቀለም የምታነሡት።

ጉለሌ አካባቢ አንዲት እናት ብፌያቸውን ነጭ እንድቀባላቸው ጠሩኝ። ባለ ሁለት መዝጊያ፣ መሐሉ ባለ ሦስት መሳቢያ፣ ላዩ ተንሸራታች መስታወት ያለው ነው። ከሩቅ ጥቁር ነው የሚመስለው። ጎንበስ ብዬ የመሳቢያውን የውስጥ ጎን ሳይ፣ ቫርኒሽ ያልነካው ቦታ ላይ፣ ወርቃማ ቡናማ እንጨት ነው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ዋንዛ ነው። ነጭ ሲቀባ አያሳዝንዎትም?» አልኳቸው።

«ዋንዛ መሆኑንማ ያሠራሁት እኔ ነኝ ልጄ፤ ባለቤቴ በሕይወት እያለ። ግን ሳሎኔን እየው እስቲ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ቡና አፈላሁ።»

አንድ መዝጊያ ነቅዬ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጠብኩት፤ ጨርቁ ላይ የወጣው ነገር ጥቀርሻ ነው። በየቀኑ የሚጨሰው ዕጣንና የከሰሉ ጭስ ዓመት በዓመት ላይ ተደራርቦ ቫርኒሹን አጥቁሮታል። ቫርኒሹን ራሱን ስናነሣው ደግሞ እንጨቱ ሌላ ዕቃ ሆነ። እሳቸው ግን በቀላሉ አልተረቱም። በመጨረሻ የተስማማነው ዋናው አካል፣ ጎኑና እግሩ፣ የክሬም ቀለም እንዲቀባ፣ መዝጊያዎቹና የመሳቢያዎቹ ፊት እንጨት ሆነው እንዲቀሩ ነው። እኔ ብሆን ሁሉንም እንጨት አድርጌ እተወው ነበር። ዕቃው ግን የእሳቸው ነው፤ ሳሎኑም እንደዚያው።

እንዲህ ያለ ጥሩ እንጨት የግድ ከተቀባ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀለም ከመንካቱ በፊት እንጨቱን አንድ እጅ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ) ወይም ቫርኒሽ አልብሱት። ቀለሙ በእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር ይከላከላል፤ ነገ ልጃችሁ ወይም የምትሸጡለት ሰው እንጨቱን ማየት ቢፈልግ ቀለሙ ሳይጎዳው ይነሣል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን የጅማ በርጩማ ግን፣ እባካችሁ፣ አትቀቡት። ይሄ የእኔ አስተያየት ነው፤ የማይስማማ ካለ ሻይ ላይ እንከራከራለን። ያለ ጸጸት የሚቀባው ብዙ ነው፦ ፎርማይካ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የቺፑድ ቁምሳጥን፣ የባህር ዛፍ መደርደሪያ፣ የብረት አልጋ፣ የቢሮ ዴስክ።

እንግዲህ «ምን ተቀብቷል?» ወደሚለው ጥያቄ እንምጣ። መልሱን ለማግኘት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ከፋርማሲ አልኮል፣ ከቀለም ሱቅ ትንሽ ቲነር፣ ከቤት ጥጥ ይበቃል። የማይታይ ቦታ ምረጡ፤ የጀርባው ጠርዝ ወይም የመዝጊያው ሥር ይሁን። መጀመሪያ በሳሙና አጽዱትና አድርቁት። ጥጡን አልኮል ነክራችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሹት። ለስልሶ ከተጣበቀና ጥጡ ላይ ቀለም ከወጣ፣ የነበረው ወይ ሼላክ ነው ወይ በውሃ የሚበጠበጠው ፕላስቲክ ቀለም ነው። በአልኮል ምንም ካልሆነና በቲነር ወዲያው ከሟሟ ላከር (ቶሎ የሚደርቅ፣ የሚረጭ ማልበሻ) ነው። ሁለቱም እምብዛም ካልነኩት ዘይት ቀለም፣ በሱቅ ቋንቋ ሲንቴቲክ፣ ወይም ዘይትነት ያለው ቫርኒሽ ነው። ይህ ለምን አስፈለገ? ሲንቴቲክ የተቀባ አንጸባራቂ ገጽ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ዝም ብሎ ከተለቀለቀ አይይዝም፤ በጥፍር ስትፍቁት እንደ ወረቀት እየተላጠ ይነሣል። ላከር ላይ ደግሞ ቲነር የበዛበት ቀለም ብትቀቡ የድሮው ላከር ይነቃና ከሥር ይሸበሸባል። ሁለቱም ጊዜ ሰው የሚሰድበው ቀለም ሻጩን ነው።

አሮጌ ቀለም ሲነሣ ስለ እርሳስ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የሚጻፍበትን እርሳስ አይደለም፤ በዘይት ቀለም ውስጥ ለድምቀትና ለቶሎ መድረቅ ሲጨመር የኖረውን ብረት ነው የምለው። በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ቀለሞች ውስጥ ብዙ ይገኝ ነበር። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሚባል መጠን እንደሌለው ይናገራል። አሜሪካ ለቤት በሚውል ቀለም ላይ በ1978 እ.ኤ.አ. ከለከለችው፤ በእኛ አገር በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ የቀለም የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ተወሰነ። እንግዲህ አስቡት፤ ቆራሌው ያመጣላችሁ የሕፃን አልጋ ወይም አረንጓዴ ወንበር ከዚያ በፊት የተቀባ ከሆነ ምን እንዳለበት አታውቁም። ስለዚህ አሮጌ ቀለምን በደረቁ አታሹት፣ በእሳትም አታቃጥሉት። ውሃ የሚችለውን ጥቁሩን ብርጭቆ ወረቀት እያራሳችሁ አሹ፤ ብናኙ አየር ላይ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ይቀራል። ውሃውን በጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን ጣሉት። ሕፃናትና እርጉዝ ሴቶች በአካባቢው አይኑሩ፤ ሥራውን የምትሠሩበትን ልብስም ከቤተሰቡ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ። ለሕፃን የሚሆን አልጋ ከሆነና ቀለሙ እየተፈረፈረ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ አልቀበለውም።

ጽዳት ላይ ሰው ይቸኩላል። የእኛ ቤት ዕቃ ከሌላ አገር ዕቃ የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ቡና የሚፈላበት ሳሎን ውስጥ የቆመ ቁምሳጥን ዕጣን ለብሷል። ዕጣን ሙጫ ነው፣ ሲጨስም የሚያርፍበት ላይ ሙጫነት ያለው ስስ ሽፋን ይተዋል። ወጥ ቤት የቆመ መደርደሪያ ደግሞ ዘይት ለብሷል። ቀለም በሁለቱም ላይ አይይዝም። ለብ ባለ ውሃ፣ በፈሳሽ ሳሙናና በስፖንጅ ሁለት ጊዜ እጠቡ፤ ሦስተኛውን በንጹሕ ውሃ ብቻ። ቺፑድ ከሆነ ስፖንጁ ተጨምቆ እንጂ ውሃ እየተንጠባጠበ አይሁን። ባለቤቱ ዕቃውን በሚረጭ ማወልወያ ሲያብረቀርቀው የኖረ ከሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው፤ ሲሊኮን ባለበት ቦታ ቀለም ይሸሻል፣ ክብ ክብ ጉድጓድ ይፈጥራል። ያንን ሽፋን በብርጭቆ ወረቀት ከማሸታችሁ በፊት በአኳራጃ (ዘይት ቀለም በሚያቀጥነው ፈሳሽ) በነከራችሁት ጨርቅ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እየቀየራችሁ፣ አንሡት። ቀድማችሁ ካሻችሁት ሲሊኮኑን ወደ እንጨቱ ውስጥ ነው የምትነዱት።

እጀታውን፣ ማጠፊያውንና መስታወቱን ንቀሉ። ማጠፊያ ላይ የተቀባ ቀለም እንዳየሁ ያ ዕቃ የተቀባው በአንድ ከሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። የላላውን እግር አውጥታችሁ የድሮውን ኮላ ፈግፍጉ፤ አዲስ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ አይጣበቅም። ጎድጓዳውን በስቱኮ ሙሉት፤ ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚሰምጥ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ሻካራውን 80 ቁጥር የምትጠቀሙት ቀለም የተጠቀለለበት ወይም የተላጠ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ለቀሪው 120 ከዚያ 180 ይበቃል፤ በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ። በጎን የታሸ እንጨት ቀለም ሲቀባ ጭረቱ ሁሉ ይታያል። ፎርማይካን 220 ቁጥር ወስዳችሁ መብረቅረቁ እስኪጠፋ አሹት፤ መቆፈር አያስፈልገውም። ለስላሳ ገጽ ላይ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መያዣ) ከሌላችሁ ግን ፎርማይካን ባትጀምሩት ይሻላል።

ጥድ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ጥድ ውስጡ ዘይትና ሙጫ ስላለው ነጭ ቀለም ስትቀቡት በሳምንትም በወርም ቢጫና ቡናማ እድፍ ከሥር እየወጣ ይታያል። አምስት እጅ ብትደርቡበትም ይወጣል። የሚያቆመው ሼላክ ነው። ጉጦቹን ሁለት ጊዜ፣ ሌላውን አንድ ጊዜ ቀቡና ከዚያ ወደ ቀለሙ ሂዱ። ዝግባ ይህ ችግር ብዙም የለበትም፤ ገጹም ልስልስ ስለሆነ ቀለም የሚያምርበት እንጨት ነው።

ቀለሙ ራሱ። ሱቅ ስትገቡ ሁለት ጎራ ነው ያለው፦ በውሃ የሚበጠበጥ ፕላስቲክና በአኳራጃ የሚቀጥን ሲንቴቲክ። ለግድግዳ የተሠራ ፕላስቲክ ቀለም የቤት ዕቃ ላይ ሲቀባ ያምራል፣ ግን ብርጭቆ ሲቀመጥበት ይይዛል፣ ሲታጠብ ይለቃል፤ ላዩን ግልጽ ቫርኒሽ ካልተደረበበት አይበረክትም። ሲንቴቲክ ጠንካራ ነው፤ ለጠረጴዛ ፊትና ለወንበር እሱን እመርጣለሁ። አንድ ችግር አለበት፤ ነጭ ከሆነ ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ብርሃን በማያገኝ ቦታ ደግሞ ይብስበታል። ነጭ የተቀባ ቁምሳጥን ከሁለት ዓመት በኋላ ውስጡ ቢጫ፣ ውጭው ነጭ ሆኖ ያገኘ ሰው እዚህ ካለ ምክንያቱ ይሄ ነው። ለነጭ በውሃ የሚበጠበጠውን የእንጨት ኢናሜል (ጠንክሮ የሚደርቅ ቀለም) ካገኛችሁ እሱን ግዙ።

ወጣቶች ስልካችሁ ላይ የምታዩት ደብዛዛና ለስላሳ የሚመስለው ቀለም አብዛኛው ቾክ ቀለም የሚባለው ነው። አኒ ስሎን የተባለች ብሪታንያዊት ሠዓሊ በ1990 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አወጣችው። ዝናው ዕቃው ብዙ ሳይታሽ ስለሚይዝ ነው። ከውጭ ማስመጣት ውድ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን የሚቀራረብ ነገር ይሠራል። አንድ እጅ ጀሶ በአንድ እጅ ውሃ ጉብታ እስኪጠፋ በጥብጡ፣ ከዚያ ሦስት እጅ ፕላስቲክ ቀለም ላይ ጨምሩት። በትንሽ በትንሹ ሥሩ፤ ጀሶው ቶሎ ይጠነክራል፣ ለነገ አይቀመጥም። ደብዛዛነቱ ያምራል፤ እድፍ ግን ስለሚጠጣ ላዩን የንብ ሰም ወይም ደብዛዛ ቫርኒሽ ይፈልጋል። ሕፃናት ያሉበት ቤት፣ ሽሮ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ አልሞክረውም።

መጠን ሲገዛ ሰው ያበዛል። አንድ ሊትር በአንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። የአንድ ኮመዲኖ ውጫዊ ገጽ ሁለት ካሬ ሜትር አይሞላም። ሁለት እጅ ብትቀቡትም ከግማሽ ሊትር በላይ ሳትጠቀሙ ትጨርሳላችሁ። የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ ፔኔሎ (የቀለም ብሩሽ) ላይ አውሉት፤ ጠጉሩ የሚረግፍ ፔኔሎ ውድ ቀለምን ያበላሻል። ሰፊውን ገጽ በስፖንጅ ሩሎ፣ ማዕዘኑን በፔኔሎ። ሁለት ቀጭን እጅ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል፤ ወፍራሙ ይወርዳል፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። በእጆቹ መሐል 220 ቁጥር ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉና ብናኙን ጥረጉ።

መሳቢያ ላይ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። ፊቱን ብቻ ነው የሚቀባው። ጎኑንና የሚንሸራተትበትን ቦታ ከቀባችሁት ውፍረት ይጨምራል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ሐምሌ ላይ መሳቢያው አይከፈትላችሁም። መንሸራተቻውን በጧፍ አሹት። የንብ ሰም ስለሆነ ያለሰልሰዋል፤ ዘይት ግን አቧራ ስለሚይዝ አይሁን።

የአዲስ አበባ ክረምት የቀቢ ጠላት ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ውሃ የተሞላ ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ ተያይዞ አንድ ሽፋን አይሆንም፤ ላከር እርጥበት ባለበት ቀን ከተረጨ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ይነጣል። ክረምት የምትሠሩ ከሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምራችሁ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ አቁሙ። ሲንቴቲክ በእጆቹ መሐል ሙሉ ቀን ስጡት። ሲነካ የደረቀ ቀለም ጠንክሯል ማለት አይደለም። በውሃ የሚበጠበጡት ሙሉ ጥንካሬያቸውን ለማግኘት ሦስት አራት ሳምንት ይወስዳሉ፤ እስከዚያ ቴሌቪዥኑን አትስቀሉበት፣ የፕላስቲክ ጨርቅ አታልብሱት። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ ላይ አትቀቡ፣ ላዩ ቶሎ ደርቆ የፔኔሎው መስመር ይቀራል። አቧራው ሌላ ነው፤ ጥላ ባለበትና ወለሉ ውሃ በተረጨበት ቦታ ሥሩ።

ስለ እሳት አጠር አድርጌ ልናገር። ቲነር በተከፈተበት ክፍል ከሰል አይቀጣጠልም፣ ቡና አይፈላም፣ ሲጋራ አይጨስም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ ምድጃው ድረስ ይሄዳል። የተልባ ዘይት ወይም ዘይትነት ያለው ቫርኒሽ የነካ ጨርቅን ደግሞ ጨባብጣችሁ ጥግ አትጣሉት፤ ሲደርቅ ራሱን ያሞቃል፣ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

የብረት አልጋና ወንበር ቀላል ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንሡ፣ በአኳራጃ አጽዱ፣ አንድ እጅ አንቲሩጅን (ዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ሁለት እጅ ሲንቴቲክ። በዚያው ቀን አንቲሩጅኑን ቀቡት፤ የተጸዳ ብረት አዳር ካደረ እንደገና ዝገት ይጀምራል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ከተቀመጠችው እህታችን የመጣ ነው፤ «ይህንን ሥራ አድርጌ ብይዘው ያዋጣል?» ብላለች። ያዋጣል፣ ግን የሚበላው ጊዜና ቦታ ነው። አንድ ቁምሳጥን ቀቢው የሚደክምበት ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን፣ ሲደርቅና ሲጠነክር ቦታ ይዞ የሚቆመው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ዋጋ ስትቆርጪ የቀለሙን ብቻ ሳይሆን ያንን የተያዘ ቦታ አስቢ። ቀብድ ተቀበዪ፤ ቀብዱ ቢያንስ ዕቃ መግዣውን ይሸፍን። ደንበኛው ቀለም ሲመርጥ ከስልክ ላይ አይምረጥ፤ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ ቀቢለትና ቤቱ ወስዶ በራሱ መብራት ይየው። ከመረከብሽ በፊት ዕቃውን በአራቱም ጎን ፎቶ አንሺ፤ «ይሄ ጭረት አልነበረም» የሚል አይጠፋም። መሳቢያዎቹንም ባለቤቱ ባለበት ሁሉንም አውጪያቸው። እኔ ከአንድ ኮመዲኖ መሳቢያ ጀርባ ወድቆ የቀረ የቤት ካርታ አግኝቻለሁ፤ ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ሲፈልገው፣ የቤት ሠራተኛዋን ሲጠረጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ አጠገቤ ሳይቆም ማንኛውንም መሳቢያ አልስብም፤ አንቺም ባትስቢ ይሻልሻል።